እናታችን አበበች ያለፉበት መንገድ

የክብር ዶክተር አበበች ጎበና ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም ሲያርፉ እኛ በደሴና በኮምቦልቻ ያለን ምእመናን የራሳችንን ሰው እንዳጣን ነበር ያዘንነው። ታሪካቸው የጀመረው በእኛው ወሎ ነዋ! በረሃቡ ዘመን ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ መጥተው፣ የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አዩ። ማለፍ አልሆነላቸውም። ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ ባለቤታቸው ሲቃወሙ ከትዳራቸው ልጆቹን መረጡ። እኛ ግሸን አንሳለምም፤ ማቴዎስ 25ን ስናነብ ግን ቀድመው ትዝ የሚሉን እሳቸው ናቸው።

ባረፉ በጥቂት ሳምንታት ተፈናቃዮች የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞሉ። ዱቄትና ብርድ ልብስ አዋጥተን ሄድን፣ ጸለይን። አንዲት አያት ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን እያሳዩ፣ «ልጆቼ፣ ለዛሬ ሌሊት እንኳ ብታሳድሩልኝ» አሉን። የደሴን የነሐሴ ብርድ ታውቁታላችሁ። «ነገ እንነጋገራለን፣ እማማ» ብለን ወጣን። በማግስቱ ቦታቸው ላይ ሌላ ቤተሰብ ተኝቷል።

ጥቅምት 2014 ተራው የእኛ ሆነ። ጓዛችንን ተሸክመን በኮምቦልቻ በኩል ሸሽተን ደብረ ብርሃን ስንደርስ አንዲት የማናውቃት እናት በሯን ከፈተችልን። ከየት መጣችሁ አላለችንም፤ የጠየቀችን ልጆቹ እህል ቀምሰው እንደሆነ ነው።