ጌጅ ተከፍቶ ሲጠገን

ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ በሞተር የወረደ ሰው ፍጥነት በጆሮ እንደማይለካ ያውቃል። ቁልቁለቱ ላይ ቤንዚን ባይሰጡትም ሞተሩ ይከንፋል፤ ድምፁ ለስላሳ ስለሚሆን ልብ ያዘናጋል። ኩርባው ሲመጣ እውነቱን የሚናገረው ከመሪው መሃል ያለው ክብ ጌጅ ብቻ ነው።

አባቴ በ1970ዎቹ መጨረሻ ወሎ ውስጥ የግብርና ባለሙያ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በሰጠው ያማሃ ዲቲ 125 ነበር ገጠር ለገጠር የሚዞረው። የጌጁ ቀስት በቆመ ቀን ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ አይኖርም። የነዳጅ ሂሳብ የሚወራረደው በኪሎ ሜትሩ ስለሆነ፣ ቆጣሪው ከሞተ የሄደበትን መንገድ በምን ያስረዳል? ከዚህም በላይ ግን፣ ፍጥነቱን ሳያውቅ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው እሱ ዘንድ እንደ ነጂ አይቆጠርም ነበር።

ጥገናው ከምርመራ ይጀምራል። ቀስቱም ኪሎ ሜትሩም አብረው ከቆሙ ጥፋቱ ከታች ነው፤ ወይ ካቦው ተበጥሷል፣ ወይ የፊት ጎማው መሃል ካቦውን የሚያዞረው ጥርስ ተበልቷል። ኪሎ ሜትሩ እየቆጠረ ቀስቱ ብቻ ከሞተ ግን በሽታው ጌጁ ውስጥ ነው። ቀስቱ ከተንቀጠቀጠ ካቦው ደርቋል፣ ወይም ሲገጠም ከመጠን በላይ ታጥፏል። አባቴ የውስጡን ሽቦ ስቦ ያወጣና በቤንዚን አጥቦ ግራሶ ይቀባዋል፤ የላይኛውን ጫፍ ግን ጣት ያህል ደረቅ ይተወዋል። ሽቦው ሲሽከረከር ግራሶውን ወደ ላይ እየሳበ ጌጁ ውስጥ ያስገባዋል፤ ከገባ ደግሞ ቀስቱን ያስረዋል። ይህን የማያውቅ ሰው አንዱን ሲያድን ሌላውን ይገድላል።

ጌጁ ራሱ ከታመመ የሚወሰደው ጋራዥ ሳይሆን ደሴ ፒያሳ፣ ሰዓት ሠሪው ዘንድ ነበር። ሰዓት ሠሪው ጠርዙን በቀጭን ካቻቪቴ ዙሪያውን ቀስ እያለ ቀና ያደርግና መስተዋቱን ያነሳል። ውስጡ በካቦው የሚሽከረከር ማግኔት አለ፤ ማግኔቱን ሳይነካው የሚከብብ የአሉሚኒየም ኩባያ አለ፤ ቀስቱ የተተከለው ኩባያው ላይ ነው፤ ወደ ዜሮ የሚመልሰው ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሞላ ነው። ማግኔቱ ሲዞር ኩባያው ላይ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ያም ኩባያውን አብሮት እንዲዞር ይጎትተዋል፤ ሞላው ደግሞ ይይዘዋል። ሁለቱ ጉልበቶች እኩል በሆኑበት ቦታ ቀስቱ ይቆማል። ጀርመናዊው ኦቶ ሹልሰ ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1902 በስሙ አስመዝግቦታል፤ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆይቶ ደሴ ላይ የተከፈተውም ጌጅ አሠራሩ ያው ነበር። ሰዓት ሠሪው ሞተር ነድቶ አያውቅም፤ ሞላውን ግን ገና ሲያየው ያውቀዋል።

ከዚያ ፈተናው ይመጣል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር አንዱን ኪሎ ሜትር በ60 ሰከንድ መጨረስ አለበት። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ፣ እኔ ከኋላ የአባቴን ሰዓት ይዤ፣ ከአንዱ የኪሎ ሜትር ድንጋይ እስከ ሌላው እቆጥር ነበር። ለልጅ እንዲህ ያለ ኃላፊነት መስጠት ትልቅ ክብር ነው፤ ዛሬም ድረስ ደስ ይለኛል።

ዘንድሮ የእህቴ ልጅ አሮጌ ሞተር ገዛ። ጌጁ ሞቶ ነበር፤ ገበያ ሄዶ ሙሉውን በአዲስ ቀየረው። አልፈርድበትም። ሰዓት ሠሪዎቹ አንድ በአንድ ዘግተዋል፤ አሁን ከሚመጡት ሞተሮች ብዙዎቹ ጌጃቸው ዲጂታል ነው፤ ሲበላሽ ይጣላል እንጂ አይከፈትም። ግን የገጠመው ጌጅ ለሌላ ዓይነት ሞተር የተሠራ ነው። ጥርሱና የጎማው መጠን ካልተስማሙ ጌጁ ይዋሻል፤ የእሱም ቀስት 80 ሲል ስልኩ ላይ ያለው ጂፒኤስ 65 ይላል።

«ጋሼ፣ ችግር የለውም፣ በስልኬ አየዋለሁ» አለኝ። ቁልቁለት ሲወርድ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ቆጣሪው ነው። አዲሱ ጌጅ ከዜሮ ጀምሯል። ያ ሞተር የዞረው አገር፣ የበላው ዘይት፣ መቼ ምን ሊቀየርለት እንደሚገባ የሚነግረን ቁጥር አብሮ ሄዷል። ነገ ሲሸጠው የሚገዛው ሰው ቁጥሩን አይቶ ደስ ይለዋል፤ በዚያው እምነትም ቤተሰቡን ከኋላ አፈናጦ ሐረጎን ይወርዳል። አባቴ አንዲት ኪሎ ሜትር እንዳትጠፋበት በየማታው ይመዘግብ ነበር።

«አሮጌውን አምጣው፣ እንክፈተው» አልኩት።

«ለቆራሌው ሰጠሁት።»

«ቁጥሩንስ ጽፈኸዋል?»

«የትኛውን ቁጥር ጋሼ?»