ደንቆሮ አያወራም

ልጆች መንኮራኩር የሚደብቁባቸው ፊልሞች ሁሉ አንድ ሕግ አላቸው፦ ትልቅ ሰው ማወቅ የለበትም። ትልቅ ሰው ካወቀ መንግሥት ያውቃል፤ መንግሥት ካወቀ ደግሞ ነጭ ካፖርት የለበሱ ሰዎች መርፌ ይዘው ይመጣሉ። ስፒልበርግ በ1982 «ኢ.ቲ.»ን ከሠራ ወዲህ ሕጉን ብዙም የነካው የለም። (ዓመቱ የፈረንጅ ነው። ከዚህ በኋላም የፊልምና የጥናት ዓመት ስጠራ በእነሱ፣ የራሴን ሳወራ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ዘጠኝ ዓመት የሞላት የእህቴ ልጅ ይህን ሕግ በቃሏ ታውቀዋለች። ያወቀችው «ኤንድሊንግስ» ከተባለ የካናዳ ተከታታይ ፊልም ነው። በ2020 መጀመሪያ ላይ የወጣ ነው፤ እኛ ግን ከሰው በፍላሽ አግኝተን ነው ያየነው፣ እኔ ጎኗ ቁጭ ብዬ እያስተረጎምሁ። ታሪኩ የሚጀምረው ከዛሬ ሃያ ዓመት ያህል ወደፊት፣ በምድር ላይ የቀረችው የመጨረሻ ዝሆን ስትጠፋ ነው። ከወላጆቻቸው የተለዩ አራት ልጆች ሚስተር ሊዮፖልድ በሚባል ሰው እርሻ ላይ በአደራ ያድጋሉ። እዚያ መንኮራኩር ይወድቅባቸዋል። ውስጡ ያለው ቱኮ የሚባል ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ነው፤ ሥራውም ከየዓለሙ ዘራቸው ሊያልቅ አንዳንድ ብቻ የቀሩ እንስሳትን መሰብሰብ ነው። መንኮራኩሩ ሲወድቅ እንስሳቱ አመለጡ። ልጆቹ አንድ በአንድ ፈልገው ይመልሳሉ፤ ምስጢሩንም ከአሳዳጊያቸው ይደብቃሉ።

የኖኅ መርከብ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ኖኅ ጥንድ ጥንድ ነው የጫነው። ቱኮ የሚጭነው ነጠላ ነው፤ ነጠላ ደግሞ አይወልድም። ፊልሙ ለልጆች የተሠራ ስለሆነ ይህን ሐዘን ቀስ ብሎ ያልፈዋል። አንዳንዱ ክፍል እንደሚንዛዛም አልክድም። ልጅቷ ግን አላመለጣትም። «ለብቻው ከሆነ ማዳናቸው ምን ይጠቅመዋል?» አለችኝ፤ እኔ ምን ልመልስላት?

«ኤንድሊንግ» የሚለው ቃል ራሱ ዕድሜው አጭር ነው። በ1996 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ አንድ ደብዳቤ ነው ሐሳቡ የቀረበው፤ ከዘሩ ሁሉ የመጨረሻ ሆኖ ለቀረ አንድ ፍጥረት መጠሪያ እንዲሆን። በአማርኛ ምን ልበለው ብዬ ተቸገርሁ። «የመጨረሻው» ይሆናል፤ ግን ባዶ ነው። «ዘር ማብቂያ» እርግማን ይመስላል። እኛ ለሞተው ወገን ሳይሆን ለቀረው ነው ስም ያለን። ወንድሞቹ ሁሉ ሞተውበት አንድ የቀረ ልጅ ተረፈ ይባላል። የእነሱ ቃል የሚያየው ያለቀውን ነው፤ የእኛው ስም ያለውን ይዞ ገና ይጠብቃል። ወደዚህ ስም እመለሳለሁ።

ልጅቷ ሌላም ጥያቄ ነበራት። «እኛ ጋ ቢወድቅ የት እንደብቀው ነበር?» የምትኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እዚያ ድመት እንኳ አይደበቅም። እኔ ግን መልስ ነበረኝ። ደንቆሮ።

ደንቆሮ ጫካ ከመካነ ሰላም ብዙ አይርቅም። ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ይሉታል። እኔ ልጅ ሳለሁ ግን ፓርክ የሚባል ነገር አልሰማንም፤ ጫካ ነው፣ በቃ። ታችው ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ነው። ወደ ላይ ሲወጡ ዛፉ ያልቅና አስታ ይመጣል፤ ከአስታው በላይ ጓሳው፣ ጅብራው፣ ንፋሱ። ጭላዳ ዝንጀሮው በመንጋ ይግጣል። እዚያ ላይ ነው ቀይ ቀበሮ ያለው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ የመንፈቅ ዕረፍት ሲሆን፣ ከተማ ከሚገኘው ቤታችን ወደ አያቴ አገር እላክ ነበር። ጥር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። የአክስቴ ልጅ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፣ የበግ እረኛ ነው። አንድ ቀን እኔንና የጎረቤታችንን ልጅ ጠርቶ «አንድ ነገር አሳያችኋለሁ፣ መጀመሪያ ማሉ» አለን። እኔ «ማርያምን» አልሁ። የጎረቤታችን ልጅ «ወላሂ» አለ። አልበቃውም። አለዋወጠን፦ እኔን ወላሂ አስባለኝ፣ እሱን ማርያምን። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ መሐላ ከሁለት ወገን ስለሚይዝ አይፈታም።

ያሳየን ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር የተቆፈረ ጉድጓድ ነው። በሆዳችን ተኝተን ጠበቅን። አራት ቡችሎች ወጡ፤ ቀይ አይደሉም፣ ጥቁር ግራጫ ናቸው። ቅላቱ በኋላ ነው የሚመጣው። ወደ ማታ ትልልቆቹ ከየአቅጣጫው አንድ በአንድ መጡ። ቀን ቀን ለየብቻቸው አይጥ ሲያድኑ ይውላሉ፤ ሲመሽ ይሰበሰባሉ። የዋጡትን አስመልሰው ልጆቹን ያጎርሳሉ፤ እናትየዋ ብቻ አይደለችም፣ ሁሉም። የምትወልደው ከመንጋው አንዲቷ አለቃ እንደሆነችና ሌሎቹ የእሷን ልጆች እንደሚያሳድጉ ያነበብሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ያን ቀን የአክስቴ ልጅ ያለው፦ «ዘመድ ናቸው፣ እንደኛ።»

«ሰው ቢሰማስ?» አልሁት።

«ደንቆሮ አይደል እንዴ አገሩ! ደንቆሮ አይሰማም፤ ያልሰማ ደግሞ ምን ያወራል?»

ችግሩ ሰው አልነበረም፤ አትንኩኝ የሚባለው ውሻው ነበር። አትንኩኝ ካገኛቸው ቡችሎቹን አንድ ሳያስቀር ይጨርሳቸዋል። ስለዚህ ልጁ ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሻውን ቤት አስሮት መውጣት ጀመረ። እረኛ ያለ ውሻ። በአምስተኛው ቀን አንዲት ግልገል ጠፋች።

አባቱ «ቀበሮ ነው። ጉድጓዱን ፈልገን ጭስ እናስገባበታለን» አሉ። እኔና የጎረቤቱ ልጅ መሬት መሬት አየን። የአክስቴ ልጅ ተነሥቶ «አባዬ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁ። እንቅልፍ ይዞኝ ገደል ገባች፤ አይቆጡኝ» አለ። ተገረፈ። ግልገሏ ተሸጣ የዓመቱ ደብተርና የጎማ ጫማው ልትሆን ነበር፤ በዚያ ዓመት ጫማ አልተገዛለትም። ለአራት ቡችሎች ዝም ያለበት ዋጋ ይኸው ነው። የካናዳዎቹ ልጆች ምስጢር ሲጠብቁ እራታቸው አይጎድልም። ፊልሙን ሳይ ቅር ያለኝም እዚህ ላይ ነው፦ መደበቅ እንዲሁ በነፃ የሚሆን ያስመስለዋል።

ቀይ ቀበሮ የሚበላው በአመዛኙ አይጥ ነው። አልፎ አልፎ ግልገል ቢነካም፣ ተራው ቀበሮና ነብር ያጠፉት ሁሉ በእሱ ሲሳበብ ይኖራል። ከእኛ አገር በቀር በዓለም የትም የለም። ያሉት ትልልቆቹ ከ500 በታች ናቸው፤ ከግማሽ በላይ ባሌ ነው ያሉት። የቀሩት በየተራራው ጫፍ ተበጣጥሰው ይኖራሉ፦ ሰሜን፣ ሰሜን ወሎ፣ የእኛው ደቡብ ወሎ፣ መንዝ ጓሳ፣ አርሲ። ከ17 ዓመት በታች የእግር ኳስ ቡድናችንን ቀይ ቀበሮዎቹ እያልን እንጠራለን፤ እንስሳውን በዓይኑ ያየ ተጫዋች ግን መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ጠላቱ ጠመንጃ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ውሻ ነው። የእረኛ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ይወጣል። ባሌ ውስጥ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሽታው ደጋግሞ ገብቷል፤ በ2003ና 2004 በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ብዙዎቹን ጨርሷል። ለዚህ ነው ጥበቃው ላይ የተሠማሩት ሰዎች ለዓመታት የገበሬውን ውሻ ሲከትቡ የኖሩት፤ ከ2018 ወዲህ ደግሞ ባሌ ላይ በፍየል ሥጋ ውስጥ ክትባት አድርገው ለቀበሮዎቹም መስጠት ጀምረዋል። ከበሽታው ሌላ የገብሱ ማሳ አለ፤ ከዓመት ዓመት ወደ ላይ ይወጣል፤ ከተራራው ጫፍ በላይ ደግሞ መሄጃ የለም።

ከእኛ ደጋ ሆነው ጥርት ባለ ቀን ወደ ምዕራብ ሲያዩ ከአባይ ማዶ የጎጃም ተራሮች ይታያሉ። ጮቄ በዚያ ወገን ነው። ጮቄ ላይ ቀይ ቀበሮ ነበር፤ አሁን የለም። ጉናም ላይ እንዲሁ። እንግዲህ ጮቄ ላይ አንድ ቀን አንድ ብቻ የቀረ ነበር ማለት ነው። ሲመሽ ወደ መሰብሰቢያው መጥቶ ማንም ያልመጣለት። እርሱን ፍለጋ የወረደ መንኮራኩር የለም፣ ስሙንም የጠራው የለም። ልጅቷ «ለብቻው ከሆነ» ስትለኝ ዓይኔ ላይ የመጣው ይሄ ነው፤ አልነገርኋትም።

የነገርኋት ሌላውን ነው። ፊልሙ በወጣበት በዚያው በ2020 ሰሜን ተራሮች ላይ አንድ ቀይ ቀበሮ በጥይት እግሩ ተሰብሮ ተገኘ። እንዲህ ያለ ቀበሮ አንሥቶ አክሞ መልሶ መልቀቅ ከዚያ በፊት ተደርጎ አያውቅም። መጠለያ ተሠራለት፤ ሃምሳ ቀን ያህል ተጠብቆ፣ አጥንቱ ገጥሞ፣ መከታተያ አንገቱ ላይ ታስሮለት ተለቀቀ። ያወጡለት ስም ተረፈ ነው። ልጅቷ ስሙን ስትሰማ ሳቀች፤ «የአስተማሪያችን አባት ስም!» አለች።

በ2024 ደግሞ የባሌ ቀይ ቀበሮዎች እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆም የቀይና ቢጫ አበባ ማር እንደሚልሱ የሚያሳይ ጥናት ወጣ። አፈሙዛቸው በአበባው ብናኝ ተቀብቶ ይታያል። ከተመራማሪዎቹ አንዱ አበባው ማር እንዳለው መጀመሪያ ያወቁት የባሌ እረኛ ልጆች ሲልሱት አይተው እንደሆነ ተናግረዋል። እኔ ይህን ሳነብ አልተገረምሁም። እረኛ የሚያውቀውን ብትጠይቁት ይነግራችኋል፤ የሚጠይቀው ጠፍቶ ነው እንጂ።

ከ2015 ክረምት ወዲህ ወደ አገሬ መሄድ እንደ ድሮው አይደለም። መንገዱ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ስልኩም እንዲሁ። በክልሉ በብዙ ቦታ ልጆች ሰማይ ላይ ድምፅ ሲሰሙ የሚያውቁት ስም አንድ ነው፦ ድሮን። እዚያ ላለ ልጅ ከሰማይ ስለሚወርድ ነገር ደስ የሚል ፊልም መሥራት ይከብዳል። የእህቴ ልጅ ሰማይ ዘንድሮም መንኮራኩር አለበት፤ እርሷ እንዲህ በመሆኑ ደስ ይለኛል፣ ያስከፋኛልም።

ባለፈው ፋሲካ ኔትወርክ ሲገኝ የአክስቴ ልጅ ጋ ደወልሁ። ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ትልቁ ልጁ በግ ይጠብቃል። እንኳን አደረሰህ ተባብለን፣ ስለ እናቱ ጉልበት፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ አወራን። ከዚያ ጠየቅሁት።

«እነዚያ አሁንም አሉ?»

«እነማን?»

«ከድንጋዩ ሥር የነበሩት።»

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«አንቺ ደግሞ! እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይጠየቃል?»

«እሺ ይቅር። ውሻህስ እንዴት ነው?»

«ታስሯል» አለኝ።