ሽንኩርቱ ስንት ነው?

«ያንተ ነገር እኮ ዋጋ የለውም» አሉኝ አጎቴ በስልክ።

የሰደቡኝ መስሎኝ ክው አልኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ያሉት ቃል በቃሉን ነው። በሠራሁት ድረ ገጽ ላይ ሽንኩርት የሚል አለ፣ ቆቦ፣ ወልድያና አላማጣ የሚሉ ስሞች አሉ። ዋጋው የሚታይበት ቦታ ግን ባዶ ነው።

ቆቦ ነው ያደግኩት። ከከተማው በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች አሉ፤ ከሥራቸው ሜዳው ይዘረጋል። ዝናብ ሲመጣ ማሽላና ጤፍ ነው፤ የመስኖ ውኃ የደረሰው ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታል። ሽንኩርት እንደ ማሽላ ተከትቶ አይከርምም። ከተነቀለ መሸጥ አለበት፤ የሌላውን ከተማ ዋጋ ቀድሞ የሚያውቀው ደግሞ ሁሌም ደላላው ነው። አዲስ አበባ ኮምፒውተር ተምሬ እንደጨረስኩ፣ በሦስቱ ከተሞች ያሉ ጓደኞቼ በየጠዋቱ የሚልኩልኝን ዋጋ የሚያሳይ ትንሽ ገጽ የሠራሁት ለዚህ ነው።

ላፕቶፔ ላይ፣ በክሮም፣ ያምር ነበር። ቆንጆ የአማርኛ ፊደል መርጬለታለሁ፤ ቁጥሮቹ እየተንሸራተቱ ይመጣሉ። ለማረጋገጥ ብዬ በኤጅም ከፈትኩት፣ ያው ነው። «ሞከርኩት» አልኩ። ለካ አልሞከርኩትም። ክሮምና ኤጅ ገጽ የሚያሳዩበት ሞተር አንድ ነው፤ ብሊንክ ይባላል። ፋየርፎክስ ጌኮ የሚባል የራሱ አለው፣ ሳፋሪ ደግሞ ዌብኪት። እኔ ያደረግኩት የአንድ ቤት ሁለት ልጆችን ጠይቆ «ሰፈሩ በሙሉ ተስማምቷል» እንደማለት ነው።

አጎቴ ስልክ ላይ ያለው ኦፔራ ሚኒ ነው። ካርድ ይቆጥባል ብለው ነው የጫኑት፤ እውነታቸውን ነው። በከፍተኛ ቁጠባ ላይ ሲሆን ገጹን መጀመሪያ የሚከፍተው ስልኩ ሳይሆን የኦፔራ ሰርቨር ነው። እዚያ ተከፍቶ፣ ተጨምቆ ወደ ስልኩ ይላካል። ጃቫስክሪፕቱን ለአጭር ጊዜ ብቻ ያሠራውና ያቆመዋል። የኔ ዋጋ ደግሞ ገጹ ከተከፈተ በኋላ ለብቻው እየተጎተተ የሚመጣ ነበር። ሰርቨሩ አልጠበቀውም። የመረጥኩት ቆንጆ ፊደልም አብሮ ቀረ።

አጎቴ ጠበቁ፣ ዘግተው ከፈቱ፣ እንደገና ጠበቁ። ከዚያ ደላላው ባለው ዋጋ ሸጡ። የዚያን ጠዋት ወልድያ ላይ በኪሎ አራት ብር ይበልጥ ነበር። ይህንን አውቃለሁ፤ እኔ ስክሪን ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል።

ታላላቆቻችን ይህን ያውቁታል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን ፊደል ይዞ የመጣው ደግሞ ከቪስታ ጋር ነው። ከዚያ በፊት ፊደል ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ገጽ የከፈተ ሰው የሚያየው የሳጥን ሰልፍ ነበር። ጸሐፊው ግን የራሱ ኮምፒውተር ላይ አማርኛውን እያነበበ ደስ ይለዋል። ያንን ታሪክ እየሳቅኩ ነበር የምሰማው።

እንደ ብራውዘርስታክ ያሉ ድርጅቶች ብዙ ዓይነት ስልክና ብራውዘር ከሩቅ ያከራያሉ፤ ክፍያው ግን በዶላር ነው። ስለዚህ ቆቦ ሄጄ ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ሱቅ በር ላይ ተቀመጥኩ። «ይቅርታ፣ ይቺን አንዴ ይክፈቱልኝ?» እያልኩ ዋልኩ። ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ሚሞሪው የሞላ፣ ብራውዘሩ ከተገዛ ጀምሮ ያልታደሰ፤ ሁሉንም አየሁ። በአንዱ ላይ ሠንጠረዡ ከስክሪኑ ወጥቶ የአላማጣ ዋጋ ተቆርጧል። አንዲት እናት ስልካቸውን ሲመልሱ «ጽሑፉን ከፍ አድርገው፣ ዓይን የለኝም» አሉኝ። ይህን የሚነግረኝ ብራውዘር የለም።

ገጹን እንደገና ሠራሁት። አሁን ዋጋው ከገጹ ጋር አብሮ ተጽፎ ነው የሚላከው። የሚንሸራተት ነገር የለም፣ የተለየ ፊደልም የለም። ላፕቶፔ ላይ ሳየው ደረቅ ነው። አጎቴ ጋ ደወልኩ።

«አሁን ታየዎት?»

«ታየኝ። ጨምሯል እኮ።» ትንሽ ዝም አሉ። «ምን ያደርጋል፣ አሁን ሽንኩርት የለኝ።»

ከዚያ «ለመስኖው ግን እንዳታጠፋው» ብለው ዘጉት።