የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት፦ በራስ እጅ ወይስ በጋራዥ? ከቦንጋና ከዴንቨር

የሞተር ዘይት መቀየር የሚረሳ ሾፌር እምብዛም አይገኝም። የሚረሳው የካምቢዮው፣ የትራንስፈሩና የዲፈረንሻሉ ዘይት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያስጠነቅቅ መብራት የለውም፤ ድምፅ መስማት የሚጀመረውም ጥርሱ ከተበላ በኋላ ነው። በካፋዋ ቦንጋ አይሱዙ የሚያሠሩ ዘመዶች አሉኝ፤ እኔ ደግሞ ዴንቨር ፒክአፕ እነዳለሁ። በስልክ ስንገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ ወሬያችን መኪና ነው። ደጋግመን የምንከራከርበትም ይኸው ነው፦ ይህን ዘይት ራስ መቀየር ይሻላል ወይስ ለጋራዥ መስጠት?

እዚህ የሚወደደው እጅ፣ እዚያ የሚወደደው ዘይት

አሜሪካ ውስጥ ጋራዥ በዋናነት የሚያስከፍለው የሰው ሰዓት ነው። የዲፈረንሻል ዘይት መቀየር ከባድ ሥራ ስላልሆነ፣ የራሱ ግቢ ያለው ሰው ቅዳሜ ጠዋት ራሱ ቀይሮ ጥሩ ገንዘብ ያተርፋል። አፓርታማ የሚከራየው ግን ብዙ ጊዜ ውሉ በፓርኪንግ ውስጥ መኪና መፍታት ስለሚከለክለው ምርጫው ጠባብ ነው። «ራሴ ከነካሁት ዋስትናው ይሰረዝብኛል» ብለው የሚሰጉ ወገኖችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግነሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ ለእነሱ የቆመ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ዘይት ስለቀየረ ብቻ አምራቹ ዋስትና ሊከለክለው አይችልም። የዘይቱን ደረሰኝ፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን መያዝ ግን ያስፈልጋል።

ቦንጋ ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። ዘይቱ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ስለሆነ ውድ ነው፤ የመካኒኩ የእጅ ዋጋ ከእሱ ጋር ሲተያይ ያንሳል። ስለዚህ በራስ እጅ መቀየር ለኪስ የሚያተርፈው ጥቂት ነው። በዚያ ፈንታ የአገር ቤቱ ሾፌር እኛ እዚህ የተውነው ትልቅ ልማድ አለው። ዘይቱን ራሱ ይገዛል፤ እሽጉ አለመነካቱን ያያል፤ ከረዳቱ ጋር የጋራዡ ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ አሮጌው ሲወርድ አዲሱም ሲገባ ይከታተላል። እኛ ቁልፍ አስረክበን፣ ወንበር ላይ ቆይተን፣ ወረቀት ፈርመን እንወጣለን። የወረደውን ዘይት አይተን አናውቅም።

አሮጌው ዘይት የሚያሳየው

የወረደውን ዘይት ማየት በካፋ ምድር ቅንጦት አይደለም። ቦንጋ ዙሪያ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይጥላል። ከጅማ የሚመጣ መኪና ወደ ጎጀብ ሸለቆ ወርዶ መልሶ ይወጣል። ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ዴቻ ወይም ወደ ጌሻ ገጠር የሚገባው ደግሞ ጭቃና ወንዝ ይጠብቀዋል። ሲሠራ የቆየ ዲፈረንሻል ይሞቃል። ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በመተንፈሻው ወይም ባረጀው የዘይት ማገጃ ጎማ በኩል ውኃ ይስባል። ውኃ የገባበት ዘይት ወተት መስሎ ይወርዳል። የማፍሰሻው ብሎን ማግኔት ካለው ደግሞ ብረቱን ይሰበስባል፦ የላመ ግራጫ ዝቃጭ የተለመደ ነው፤ በጣት የሚያዝ ስባሪ ከተገኘ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየሄደ ነውና አዲስ ዘይት ሞልቶ ዝም ማለት አይገባም።

እዚህ ከባድ መኪና የሚነዱ ወገኖች ለአገር ቤት ሰው ሲያወሩ የምሰማው አንድ ቁጥር ያሳስበኛል። በአውራ ጎዳና ብቻ የሚመላለስ ከባድ መኪና የካምቢዮውና የዲፈረንሻሉ ሲንተቲክ ዘይት ሳይቀየር እስከ 500,000 ማይል፣ ማለትም እስከ 800,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሊሄድ ይችላል። እውነት ነው። ግን ያው የአምራቾች መመሪያ ለጭቃ፣ ለዳገትና ለከባድ ጭነት በጣም ያጠረ ሌላ ገደብ ያስቀምጣል። የካፋ አይሱዙ የሚተዳደረው በዚህ በሁለተኛው ነው።

የትኛው ዘይት?

ጋራዥም ሆነ ባለመኪና እኩል የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ዲፈረንሻል ጂኤል-5 የተባለውን ደረጃ ይፈልጋል፤ ጥርሶቹ እየተንሸራተቱ ስለሚጫኑ ድኝና ፎስፈረስ በብዛት የተጨመረበት ዘይት ያስፈልጋቸዋል። የማንዋል ካምቢዮ የነሐስ ቀለበቶች ግን በዚያው ቅመም ሊጎዱ ስለሚችሉ ብዙ ካምቢዮ ጂኤል-4 ይጠይቃል። አንዳንድ የአይሱዙ ካምቢዮዎች ደግሞ ከነጭራሹ የሞተር ዘይት ዓይነት ነው የሚጠይቁት። «የካምቢዮ ዘይት ስጠኝ» ብሎ መግዛት ስለዚህ አይበቃም፤ የመኪናውን መጽሐፍ ገልጦ ደረጃውን ጽፎ መሄድ ነው።

ምን ለማን?

የእኔ ክፍፍል ይህ ነው። ዲፈረንሻልና ትራንስፈር በሁለቱም አገር ሰው በራሱ ሊቀይረው የሚችል ሥራ ነው፤ ማንዋል ካምቢዮም እንዲሁ። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ ጎማው ታኮ ይግባለት፤ በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ዘይቱ ሞቅ ሲል ይፍሰስ፣ እጅ እስኪያቃጥል ግን አይጠበቅ። ከማፍሰሻው በፊት የመሙያው ብሎን ይፈታ፤ መሙያው አልፈታ ካለ መኪናው ባዶውን ቆሞ ይቀራልና። በአብዛኛው ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ የታችኛው ጠርዝ ሲደርስ ሞልቷል።

አዲስ አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን ለጋራዥ ይሁን። ብዙዎቹ መለኪያ ዘንግ የላቸውም፤ መጠኑ የሚታወቀው ዘይቱ የተወሰነ ሙቀት ላይ ሲደርስ ስለሆነ መሣሪያ ይፈልጋል። ማገጃ ጎማ የሚያፈስ ወይም ድምፅ የጀመረ ዲፈረንሻልም የጋራዥ ነው። ለጋራዥ ስንሰጥ እዚህ ያለነው ከአገር ቤቱ ሾፌር እንማር፤ አሮጌውን ዘይት እንድናይ እንጠይቅ። የአገር ቤቱ ደግሞ ከእኛ መዝገብ የመያዝን ልማድ ይውሰድ። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ የንግድ ጭነት መኪና የጥገና መዝገብ ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያዝ ያስገድዳል። አንድ ደብተር ጋቢና ውስጥ ቢቀመጥ ሾፌር ሲቀየርም ታሪኩ አይጠፋም።

የተቃጠለው ዘይት

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የወረደው ዘይት የሚሄድበት ነው። እዚህ አውቶዞንን የመሰሉ የመለዋወጫ መደብሮች አሮጌ ዘይት በነፃ ይቀበላሉ። አገራችን ላይ የተቃጠለ ዘይት ምስጥ እንዳይበላው አጥርና የቤት ቋሚ ይቀባበታል፤ የተረፈው ብዙ ጊዜ መሬት ላይ ይፈሳል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከአንድ መኪና በአንድ ቅየራ የሚወጣ የሞተር ዘይት እስከ 1 ሚሊዮን ጋሎን ውኃ ሊበክል እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ካፋ ደግሞ የዱር ቡና ደኑ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ የገባ፣ ምንጩ ወደ ጎጀብ፣ ጎጀብም ወደ ኦሞ የሚወርድ አገር ነው። በራስ እጅ የሚቀይር ሰው ጄሪካን ሳያዘጋጅ ብሎኑን አይፍታ። የቦንጋ ባለመኪናዎችም በአንድ ድምፅ ዘይት የሚሸጡላቸውን ማደያዎች አሮጌውን መልሰው እንዲቀበሉ ቢጠይቁ ደኑንም ምንጩንም ይጠብቃሉ።

ዘመዶቼን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ክረምቱ ወጥቶ የቡና ጭነት ከመጀመሩ በፊት የዲፈረንሻሉን ዘይት ጥቂት አውርዳችሁ እዩት፤ ነጥቶ ካገኛችሁት ኪሎ ሜትር ሳትቆጥሩ ቀይሩት።