የእናቴ ጨዋታ

ጨዋታ ዐዋቂ ሰው ሁሉ ኀዘን የማይነካው ይመስለናል። በአደባባይ ሰውን የሚያስቅ፣ ቤቱ ሲገባም የሚስቅ አድርገን እንቈጥረዋለን። ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፣ ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእናቴ ነው።

እናቴ በአዲስ አበባ መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ከሚባለው ስፍራ ተቀምጣ ዛላ በርበሬ የምትቸረችር ሴት ነበረች። አባታችን ገና ልጆች ሳለን ስለ ሞተ፣ ሦስታችንንም ያሳደገችን በዚሁ ንግድ ነው። ከማረቆና ከአላባ የሚመጣውን በርበሬ ስትገዛ ዛላውን ከጆሮዋ አጠገብ ነቅነቅ አድርጋ ፍሬው ሲንኮሻኮሽ ካልሰማች አትቀበልም ነበር። አንዳንድ ነጋዴ ሚዛን እንዲደፋለት በርበሬውን ውሃ ይረጨዋልና፤ የረጠበ በርበሬ ደግሞ ጥቂት ሲቈይ ይሻግታል። እርሷ በመደብ ስትሸጥም ሆነ በኪሎ ይህን አላደረገችም። በምማርበት የሚሲዮን ተማሪ ቤት መምህራችን ስለ ሐሰተኛ ሚዛን ከመጽሐፈ ምሳሌ ያስተማሩንን አንድ ማታ ብነግራት፣ ፊደል ያልቈጠረችው እናቴ «ለካ ሰሎሞንም በርበሬ በረንዳ ውሏል!» አለችኝ።

ደንበኞቿ የሚመጡት ለበርበሬው ብቻ አልነበረም። አንድ ገዢ ኪሎው ከተመዘነለት በኋላ «መርቂልኝ እንጂ» ያላት እንደሆነ፣ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ «ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ልጅ ይውጣልዎ፣ ጠላትዎን ያርቅልዎ» እያለች ትመርቀዋለች። ሰውየው «ኧረ እኔስ በርበሬውን ነው!» ሲል በዙሪያው ያለው ሁሉ ይስቃል፤ እርሷም አንድ እፍኝ ትጨምርለታለች። (እፍኙ ቀድሞውኑ በዋጋው ውስጥ የታሰበ መሆኑን እኔ ዐውቃለሁ። ይህም ማታለል ነው የሚል ቢኖር አልከራከረውም፤ ሳቁ ግን በነፃ ነበር።)

በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ፣ ማለት በዛሬው መስቀል አደባባይ፣ ቀይ ፈሳሽ የሞሉ ጠርሙሶችን ሰባብሮ የአብዮቱ ጠላቶች ባላቸው ላይ ዛተ። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ቀይ ሽብር ይባላል። ወጣቱ በየመንገዱ ተገድሎ ሲያድር፣ ወላጅ ለልጁ እንዳያለቅስ ተከለከለ። በ1970 ዓ.ም. በኅዳር ወር የታጠቁ ሰዎች ሌሊት መጥተው ታላቅ ወንድሜን ወሰዱት። 22 ዓመቱ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሬሳው በመንገድ ዳር መታየቱን ሰማን፤ እኛ ስንደርስ ግን ተነሥቶ ነበር። ድንኳን አልተተከለም፤ ዕድርም አልመጣም።

እናቴ በማግስቱ ወደ በርበሬ በረንዳ ሄደች፤ ደግፌ ያደረስኋት እኔ ነኝ። ማን ጆሮ ጠቢ እንደ ሆነ አይታወቅምና ከጎረቤት ነጋዴዎች አንድ እንኳ «እግዜር ያጥናሽ» ሊላት አልደፈረም። ተቀመጠች፤ ጆንያውን ፈታች፤ ዛላውን በእጇ ትሰባብር ጀመር። ብናኙ ሲነሣ እንባዋ ወረደ። በዚያ የሚያልፍ አንድ የታጠቀ ጠባቂ ቆም ብሎ «ምን ያስለቅስሻል?» አላት።

«በርበሬው ነው፣ ልጄ» አለችው፤ «አንተም ጥቂት ብትቆም ያስለቅስሃል።»

ሰውየውም አስነጥሶ ሄደ።

ይህ ነገር ከሴት ወደ ሴት በሹክሹክታ ተላለፈ። ከዚያ ወዲያ ልጅ የሞተባቸው እናቶች፣ ከሩቅ ሰፈር ጭምር፣ ግማሽ ኪሎ በርበሬ ለመግዛት እያሉ ይመጡ ነበር። ከአጠገቧ ቁጭ ብለው ዛላ ይቀነጥሳሉ፤ ያለቅሳሉ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ይሄዳሉ። እናቴ ስማቸውን አትጠይቅም። አንዳንዷን ብቻ «በርበሬዬ እንዲህ ኃይለኛ መሆኑን ባውቅ ዋጋ እጨምር ነበር» ትላታለች፤ ሴቲቱም በእንባዋ መካከል ፈገግ ትላለች። እናቴ ራሷ በእነዚያ ወራት ቤት ውስጥ ስትስቅ አላየሁም።

ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ። በሰኔ እናቴ ድንኳን አስተከለች፤ ከ13 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ከእነዚያ ሴቶች ብዙዎቹ መጡ። አንዲቱ ወደ እናቴ ቀርባ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ሁለት ዛላ በርበሬ አወጣችና «ምናልባት ዛሬም ይከለክሉን እንደ ሆነ ብዬ ነው» አለቻት። እናቴ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላም የወንድሜን ስም ጠርታ፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ጮኸች።