የሚፈሰው የማን ቤት ነው?

በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ብሎካችን አንድ የጋራ ቆጣሪ ስላለው ሂሳቡን በየቤቱ እኩል እንካፈላለን። በአንድ ወር ክፍያው ሲያሻቅብ፣ እኛም እንደ ሌላው ጎረቤት ጣታችንን ግራውንድ ላይ በሚኖሩት፣ ልብስ በማጠብ በሚተዳደሩት እናት ላይ ቀሰርን።

በስብሰባው ላይ እሳቸው፣ «ልጆቼ፣ ውሃ በመጣበት ማታ ሁላችንም ቧንቧ እንዝጋና ቆጣሪውን እንየው» አሉ። ዘጋን። ቆጣሪው ግን ይዞራል። ቤት ለቤት ሲፈተሽ፣ ሽንት ቤት ውስጥ ውሃ ድምፅ ሳያሰማ ሲፈስ የተገኘው እኛ ቤት ነበር፤ በየሳምንቱ የጸሎት ኅብረት በምናደርግበት ቤት! ያረጀውን ላስቲክ መቀየር ቀላል ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ ደረጃውን መውረድ ግን ከበደን። ወረድን፤ እሳቸውም ቡና አፍልተው ተቀበሉን።

ጌታ 5 ሺህ ያህል ሰው ካጠገበ በኋላ ፍርፋሪው እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ አዘዘ (ዮሐንስ 6፥12)። እንጀራ ማብዛት የሚችለው እርሱ የተረፈውን አልናቀም። እኛ ግን ውሃ ሲጠፋ «ጌታ ሆይ፣ ስጠን» እያልን፣ ሲመጣ የጎረቤቶቻችንን ገንዘብ ጭምር እናፈስ ነበር።

አሁን በየወሩ አንድ ማታ ቧንቧ ዘግተን ቆጣሪውን አብረን እናያለን። የልብስ መለቅለቂያውን ውሃ ደረጃ እናጥብበታለን። ከኅብረታችን ጸሎት በፊትም አንድ ጥያቄ ጨምረናል፦ በእኛ ቤት ድምፅ ሳያሰማ የሚፈስ ምን አለ?

ወገኖች፣ ጣት ከመቀሰራችን በፊት የራሳችንን ቤት እንፈትሽ። ጌታ ይርዳን።