ጢም፣ ጭቃና ቅዳሴ
ከፋሲሎ ተነሥቶ በጣና ዳር የተደረገ ጉዞ

የሰው ፊት እንደ ቤት ደጃፍ ነው፤ ደጃፉን ብቻ አይቶ ባለቤቱን ለማወቅ የሚቸኵል መንገደኛ ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ነገሬን በዚህ የምጀምረው እኔው ራሴ በገዛ ፊቴ ምክንያት ያፈርሁበትን አንድ ጉዞ ለአንባቢዎች ለማጫወት ስለ ፈለግሁ ነው።

በግንቦት ወር ከመሥሪያ ቤቴ የዕረፍት ፈቃድ አግኝቼ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ወረድሁ። ከዚያ አስቀድሞ አንድ ወር ተኩል ያህል ጢሜን ሳልላጭ ቈይቼ ነበር። ምክንያቱን የጠየቀኝ ቢኖር ከስንፍና በቀር የምመልሰው አልነበረኝም፤ ዳሩ ግን ጢሙ እየጠቈረና እየረዘመ በሄደ ቍጥር በመስተዋት ፊት መቆም ደስ እያለኝ ሄደ።

ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አጠገብ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ በአገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ያረፍሁበት ዘመዴ የሚኖርበት ሰፈር ፋሲሎ ይባላል፤ ስሙም አፄ ፋሲልን ያስታውሳል። የእኒህም ንጉሥ ዐፅም ከሌሎች ነገሥታት ዐፅም ጋራ በዚሁ ሐይቅ ውስጥ በደጋ እስጢፋኖስ ደሴት ተጠብቆ ይኖራል። በፋሲሎ በኩል ሲያልፉ በየመንገዱ አሸዋና ጠጠር ተከምሮ፣ ብረት ተደርድሮ፣ ሲሚንቶ ሲቦካ ይታያል። ዘመዴ በመስኮት እያሳየኝ፦ «እዚህ ቤት የሚሠራው ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ ባለቀ ቀን ግድግዳውም ቆሞ ይቀራል» አለኝ። እኔም ቤት በገንዘብ ካልሆነ በምን ይሠራል ብዬ በልቤ አሰብሁ።

በማግሥቱ ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ሐይቁ ዳር ወዳለች አንዲት የገበሬዎች መንደር ለመሄድ ተነሣሁ። ማለዳው ብሩህ ነበር፤ ታንኳ ቀዛፊዎች ከደንገል በታሠራ ታንኳቸው ላይ ተቀምጠው በጸጥታ ሲያልፉ ይታዩ ነበር። ወደ መንደሯ ስቃረብ እንጨት የተሸከሙ አንዲት ባልቴት ከፊቴ መጡ። ባዩኝም ጊዜ ሸክማቸውን አውርደው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ወደ መሬት ዝቅ ብለው «አባቴ፣ ይፍቱኝ» አሉኝ።

ነጭ ጋቢ ለብሼ ነበርና ከጢሜ ጋራ ተደምሮ ካህን አስመስሎኛል። እኔ ግን መስቀልም የለኝ፣ ሥልጣንም የለኝ። «እናቴ፣ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ እንጂ ቄስ አይደለሁም» ብል ሴትዮዋ በፈገግታም በኀዘንም መካከል ሆነው ተመለከቱኝና፦ «እንግዲያው ይህን ሁሉ ጢም ለምን ተሸከሙት ልጄ?» ብለው ሸክማቸውን አንሥተው አለፉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጢሜ ከበደኝ።

በእውነቱ ጢም ማሳደግ በአገራችን ያለ ምክንያት የሚደረግ ነገር አልነበረም። ኀዘን የደረሰበት ሰው ሳይላጭ ይሰነብታል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደል ከጠላት ጋራ የተዋጉት አርበኞች ጠጕራቸውን አጐፍረው፣ ጢማቸውን አሳድገው እንደ ኖሩ ፎቶግራፎቻቸው ይመሰክራሉ። ካህናትም ከጥንት ጀምረው ጢማቸውን ያሳድጋሉ፤ የግብፅ፣ የግሪክና የሩሲያ ኦርቶዶክስ ካህናትም ልማዳቸው ይኸው ነው። እንግዲህ ጢም ወይ የኀዘን፣ ወይ የቃል ኪዳን፣ ወይ የአገልግሎት ምልክት ነበር ማለት ነው። የእኔ ግን ከሦስቱ አንዱንም አልነበረም።

ከመንደሯ በደረስሁ ጊዜ ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች በአንድ ቦታ ተሰብስበው አገኘሁ። የአንዲት ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ጎጆ ምሰሶውን ምስጥ ስለ በላው ዘሞ ኖሮ አፍርሰው በደቦ እንደ አዲስ ይሠሩላት ነበር። ደቦና ወንፈል እንደሚለያዩ አንባቢዎች ያውቃሉ፤ ወንፈል በተራ የሚመለስ ብድር አለበት፤ በደቦ የሚመጣ ግን ከሚበላውና ከሚጠጣው በቀር የሚጠብቀው የለም። ይህች ሴት ደግሞ የምታበላው ስለሌላት እንጀራውንም ጠላውንም የጎረቤት ሴቶች እየተሸከሙ አመጡላት።

በጭቃው ጕድጓድ ውስጥ እስከ ጕልበታቸው ገብተው፣ የጤፍ ጭድ እየጨመሩ ጭቃውን ከሚረግጡት መካከል አንድ ሽበታም ሽማግሌ ነበሩ። ጥምጥማቸውን በአጥር ላይ ሰቅለውታል፤ ረዥሙ ጢማቸውም በጭቃ ተለውሷል። የመንደሯ ቄስ መሆናቸውን ሲነግሩኝ ገርሞኝ ቀርቤ እጅ ነሣሁ። «አባ፣ እርስዎም ጭቃ ይረግጣሉ?» ብላቸው ሣቁና፦ «ልጄ፣ ዳዊት የወንድማማቾችን ኅብረት በአሮን ጢም ላይ በወረደ ሽቱ መስሎታል፤ ለእኛ ለገበሬዎቹ ዛሬ ሽቱአችን ይህ ጭቃ ነው» አሉኝ።

ለምሳ ባረፍን ጊዜ ስለ ኑሯቸው አጫወቱኝ። የገጠር ካህን ግማሽ ዕድሜው በሞፈርና በቀንበር፣ ግማሹ በመቅደስ ነው። ቅዳሴ ቢያንስ ኹለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ስለሚፈልግ፣ ካህናቱ ሰሞን ተከፋፍለው በየተራቸው ያገለግላሉ። ሰሞነኛ የሆነ ካህን ራሱን ለቅዳሴው ጠብቆ በንጽሕና ይሰነብታል፤ ተራው ባለፈ ጊዜ ወደ እርሻው ይመለሳል። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ቤተ ክርስቲያን መሬት ስለ ነበራት ካህናቱ ያንን ይዘው ያገለግሉ ነበር፤ በዚያ ዓመት በየካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት ሁሉ በዐዋጅ የሕዝብ በሆነ ጊዜ ካህኑም እንደ ጎረቤቱ ገበሬ የድርሻውን እያረሰ የሚኖር ሆነ። «እኔ ከምእመናኑ ጋራ ስለማርስ ዝናብ ሲቀር የእነርሱ ጭንቀት የእኔም ነው፤ ስለዚህ ምሕላ ስናደርስ የምለምነው ከልቤ ነው» አሉ።

በዚያ ቀን ቋሚዎቹ ተተክለው፣ ማገሩ ታስሮ፣ ምሰሶው ቆሞ፣ ወራጁ ተዘርግቶ የግድግዳው ምርጊት አለቀ፤ ክዳኑ ግን ሳይደርስ ጀንበር ጠለቀች። ጭንቁም የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ማግሥቱ ግንቦት 21 የእመቤታችን ታላቅ በዓል ነበር፤ በሐይቁ ላይ ግን ጥቍር ደመና ተከምሮ ነጐድጓድ ይሰማ ነበር። እርጥቡ ጭቃ ሳይከደን ዝናብ ቢመታው የሠላሳ ሰው ድካም በአንድ ሌሊት ይፈርሳል፤ ሴትዮዋም ከነልጆችዋ ክረምቱን በሰው ቤት ልታሳልፍ ነው። አንዳንዶቹ ሽማግሎች በዓል መሻር ነውር ነው፣ መቅሠፍት ያመጣል አሉ። ሌሎቹ ዝም አሉ። ሁሉም ወደ ቄሱ ተመለከቱ።

ቄሱም ጥቂት አሰቡና፦ «ጌታችን በሰንበት ድውይ ፈውሷል፤ በሬው በጕድጓድ የወደቀበት ሰው በሰንበትም ቢሆን እንደሚያወጣው አስተምሯል። ለትርፍ የሚሠራ ሥራ ይቈየን። ለእኒህ ልጆች የሚከደን ክዳን ግን ለእመቤታችን እጅ መንሻ ነው። ከቅዳሴ በኋላ የፈቀደ ይምጣ፤ ያልፈቀደ ግን ስለ በዓሉ ነውና አይወቀስ» አሉ።

በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ ሀያ የሚሆኑ ሰዎች መጡ፤ ከተከራከሩትም ሽማግሎች አንዱ ሰንበሌጥ ተሸክመው ሲመጡ ባየሁ ጊዜ ደስ አለኝ። እኔም ጋቢዬን አውልቄ ሣሩን እያሰርሁ ወደ ላይ ለሚከድኑት አቀብል ጀመር። እጄ ለብዕር እንጂ ለሣር አልለመደምና ወዲያው ተላጠ። ወደ ማታ ጕልላቱ ሲታሰር የመጀመሪያው ነጠብጣብ ወረደ፤ ሌሊቱንም ዝናቡ ሳያባራ አደረ። ሲነጋ ብንሄድ ግድግዳው ቆሟል፤ ልጆቹም ከምሰሶው ሥር ተኝተው አገኘናቸው።

ከመመለሴ በፊት በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳለምሁ። ክቡን ሕንፃ፣ ሦስቱን ክፍል፣ ቅኔ ማኅሌቱን፣ ቅድስቱንና መቅደሱን፣ በመቅደሱም ግድግዳ የተሣለውን ሥዕል እያየሁ ስዞር አንድ ነገር ገባኝ፤ ይህ ታላቅ ቤት በእንጨትና በጭቃ ከቆመችው ከዚያች መበለት ጎጆ ጋራ ዘመድ ነው። እጅና ልብ ካልተባበሩ አንዱም አይቆምም ነበር።

ፋሲሎ በተመለስሁ ጊዜ ወደ ጠጕር አስተካካይ ሄጄ ጢሜን ተላጨሁ። ጢምን ለመንቀፍ አይደለም፤ የሚሸከመው ሥራ ያለው ሰው በክብር ያሳድገው። እኛ በከተማ የምንኖር ቤተ ሰቦች ግን ልጆቻችንን ስናሳድግ ገንዘብ ከሚሠራው ቤት ሌላ ሰው ለሰው የሚሠራው ቤት እንዳለ ብናሳያቸው፣ በዓመት አንድ ቀን እንኳ እጃቸውን ጭቃ ብናስነካቸው መልካም ነው። የመዳፌ ቍስል ድኗል፤ ጠባሳው ግን አልጠፋም፤ እንዲጠፋም አልፈልግም።